በባዶ እጅ የማይገባበት እሳት

ዴልፊና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ተራራው ወረደባት። ኅዳር ነበር። ዝናቡ ሰንብቶ ሰንብቶ፣ ከቤታቸው በላይ ያለው ተዳፋት ከነዛፉ ተንሸራትቶ ቤቱን ዋጠው። እናቷ እዚያው ቀረች። እሷ ግን ካስታኛ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ከሚደርቅበት ጎጆ ውስጥ እሳቱን ልትቆሰቁስ ገብታ ነበር። ፍሬው የሚሰጣበት ቆጥ ሲደረመስ አንድ ወፍራም ግንድ ከግድግዳው ጋር ተጋድሞ ጣራ ሆነላት። እግሯ በድንጋይ ተይዞ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ከላይ የረገፈውን ካስታኛ እየቆረጠመች ቆየች።

የመንደራችን የቫልሞራ ሰው ሊቆፍር ሲመጣ ድምፅዋን ሰማ። ድንጋዩን በችኮላ ቢያነሱት የቀረው ይናድባታል፤ ስለዚህ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ያነሱት ጀመር። ልጅቷ ደግሞ እየቀዘቀዘች ነው፤ እንቅልፍ ከወሰዳት አትነቃም። በዚህ ጊዜ በስንጥቁ በኩል በየተራ ያዋሯት ጀመር። በቅሎ ነጂው፣ የጎረቤታችን የጓልቲዬሮ አባት፣ በቅሎው ለጳጳሱ ንስሐ እንደገባች ማለላት። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ዘፈነችላት። አባ ኤጊዲዮ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ሰማይ ማየት የሚወዱት ቄሳችን፣ ከዋክብት ለምን እንደማይወድቁ አስረዷት። አንዱ ድምፁ ሲዘጋ ሌላው ይተካል። እንዲህ እያሉ አወጧት። እግሯ ግን ከዚያ ወዲያ አልቀናም።

ካደገች በኋላ ቶሪኖ ከተማ ወርዳ በአንድ የሙዚቃ መምህር ቤት ገባች፤ አልጋ እያነጠፈች፣ ምግብ እያበሰለች ኖረች። በዚያ ቤት ማዕድ ዙሪያ ሊቅም ሠዓሊም ይቀመጥ ነበርና የሚሉትን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰማች። ጸጉሯ ሸብቶ ወደ ተራራችን ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ የፈረሰውን የካስታኛ ጎጆ ማቆም ሆነ።

«ካስታኛ የሚለቅም ወጣት በሌለበት አገር ማድረቂያ ምን ይሠራልሻል?» አላት ጓልቲዬሮ። ዴልፊና የእሱ ልጅ የክርስትና እናት ስለሆነች አበልጆች ናቸው።

«ሰው ላደርቅበት ነው» አለችው።

እውነትም እንዳለችው አደረገች። በየጥቅምቱ፣ ቆጡ ላይ ፍሬው ተሰጥቶ ከሥሩ እሳት ሲነድ፣ አንድ የሚያውቅ ሰውና አንድ የሚፈጥር ሰው ከከተማ ትጋብዛለች። ስለ ንብ የሚያጠና ከገጣሚ ጋር፣ ሐኪም ከሠዓሊ ጋር። እንግዶቹ ከጋጣው በላይ ባለው ክፍል ያድራሉ፤ የካስታኛ ገንፎና ፎርማጆ ይበላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ጎጆው ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ ማንበብን የለመድኩት በስተርጅና ነው፤ ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት የሰማሁት ግን ከዚያ በፊት፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው።

ጎጆው ውስጥ ጭሱ ከወገብ በላይ ነው የሚቆመው። ቆሞ ሊናገር የሞከረ ሁሉ እያሳለ ይቀመጣል። ዴልፊና ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህንን ነበር።

በአገራችን ወደ ካስታኛ እሳት የሚመጣ ሰው አንድ ፍልጥ ይዞ መጥቶ ደጃፉ ላይ ያኖራል። አምጣ አይባልም፤ መጠየቅ ነውር ነው። ባዶ እጅን መምጣት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። እንግዶች ይህን አያውቁም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንጨታቸው ደጃፉ ላይ ነበር። ማን እንዳኖረው የጠየቀ አልነበረም።

ኦታቪያ የመጣች ዓመት ነገሩ ተበላሸ። ኦታቪያ የመሬት መንሸራተትን የምታጠና ፕሮፌሰር ናት፤ ስለዚያው ስለ እኛ ተዳፋት ልትነግረን፣ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ከሚጫወት ሙዚቀኛና ከብዙ ተማሪዎቿ ጋር መጣች። ጎጆው ሞላ። ጓልቲዬሮ ሲገባ ወደ ደጃፉ ተመለከተና ቆቡን ሳያወልቅ ቆመ።

«አበልጄ፣ እንግዶችሽ ብርድ አይሰማቸውም መሰለኝ።»

«ምነው?»

«እንጨታቸውን አላየሁማ። በባዶ እጁ መጥቶ እሳት የሚሞቅ እኔ የማውቀው ድመት ብቻ ነው።»

«እንግዶች ናቸው እኮ። በምን ያውቃሉ?»

«ከመሬት በታች ያለውን ያውቁ የለም እንዴ? ደጃፍ ላይ ያለው እንዴት ጠፋቸው?»

ይህን ብሎ የራሱን ፍልጥ ከክምሩ ላይ አነሣ፤ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። በማግስቱ ከቫልሞራ ሰው አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የእኛ ሰው ካልተመለሰ ቤቱን እቆልፋለሁ» አለችኝ ዴልፊና። «ለእንግዳ ብቻ ከሆነማ ሆቴል ነው። አልጋ በማንጠፍ ደግሞ ወጣትነቴን ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ለእንግዳ እንጨት አምጣ ተብሎ? እናቴ ከመቃብሯ ትታዘበኛለች!»

በነጋታው ጠዋት የጀርባ ቅርጫቷን በፍልጥ ሞልታ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ወደ ጓልቲዬሮ ቤት ዳገቱን ስትወጣ አገኘኋት። ልቀበላት ብል «እጅህን ሰብስብ» አለችኝ። አብሬያት ወጣሁ። ጓልቲዬሮ በሩን ሲከፍት ቅርጫቱን እግሩ ሥር ዘረገፈችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእንግዶቼ እንጨት ነው። ዘግይቷል፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«በአንቺ ጀርባ?»

«ስንት ዓመት በማን ጀርባ ሲመጣ የነበረ መሰለህ? ዘንድሮ እንግዳው በዛ፤ እግሬም ከዳኝ።»

ጓልቲዬሮ ፍልጡን አየ፣ እሷን አየ። «የእንግዳን ዕዳ ባለቤት አይሸከምም፣ አበልጄ። ደንቡ እንዲያ አይደለም።»

«ደንቡን አታስተምረኝ። አባትህ በስንጥቁ በኩል ሲያዋራኝ እኔ እንጨት ይዤ ነበር?»

በዚህ መሐል ኦታቪያ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች። አሮጊቷ ሸክም ተሸክማ ስትወጣ በመስኮት አይታ ነው የተከተለችን።

«እማማ ዴልፊና! ምነው ይህን ያህል ይሸከማሉ? የማን እንጨት ነው?»

ዴልፊና ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። ጓልቲዬሮ የመጠየቁን ነውር ራሱ ላይ ወሰደ።

«የእርስዎ ነው፣ ፕሮፌሰር» አላት።

ኦታቪያ ዞር ዞር ብላ በየደጁ የተደረደረውን ፍልጥ አየች። ከዚያ የዴልፊናን ባዶ ቅርጫት። ፊቷ ቀላ፤ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ታች ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ከጫካው በሰልፍ ወጡ። እያንዳንዱ አንዳች ነገር ተሸክሟል። ሙዚቀኛው ጉንዳን የወረረው ብስባሽ እንጨት፤ ኦታቪያ ደግሞ ትናንት የወደቀ፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ግንድ። ጓልቲዬሮም ፍልጡን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ክምሩን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«ይሄ እንኳ አበባ ቢተከልበት ይበቅላል» አለ።

«የመጣ እንጨት ይነዳል» አለች ዴልፊና፤ የኦታቪያንም ግንድ እሳቱ ላይ ጣለችው።

ጭሱ ከወገብ ወደ ጉልበት ወረደ። አግዳሚውን ትተን መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ቀጥሎም በክርናችን ተደገፍን። የምናስለው ከምንስቀው ጋር ተደባለቀ።

«ፕሮፌሰር፣ ተማሪዎችዎን ሁልጊዜ እያስለቀሱ ነው የሚያስተምሩት?» አላት ጓልቲዬሮ።

«በፈተና ጊዜ ብቻ!» አለች ከመሬቱ ላይ፤ እንዲያው ጋደም እንዳለችም ውኃ በተዳፋቱ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ ተራራው ከመውረዱ በፊት ምን ምን እንደሚያሳይ ነገረችን። ድምጿ ሲዘጋ ሙዚቀኛው ተነሣ። ቼሎው በዚያ ጭስ ውስጥ አይሆንለትም፤ ውጭ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። ዜማው በድንጋዩ ግድግዳ ስንጥቅ እየሾለከ ይገባ ነበር።

ዴልፊና በጎኗ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች። ጓልቲዬሮ ደንገጥ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋ።

«አበልጄ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«አልተኛሁም» አለች። «ያኔ አባ ኤጊዲዮ ስለ ከዋክብት ካሉኝ አንዱም አልገባኝም። የአባትህንም በቅሎ አላመንኳትም። ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለው ነበር፤ ድምፅ አልተቋረጠብኝም። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። በሉ ዝም አትበሉ፤ ቀጥሎ ተራው የማነው?»