የአያ ታፈረ ድግስ ኮምፒዩተር የገባ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሂክማ ከአክስቷ ልጅ ሠርግ ስትመለስ፣ በስልኳ የቀረጸችውን ወደ ኮምፒዩተር ልታስገባ ሽቦውን ሰካችና ብርቱካን ልትልጥ ጓዳ ገባች። ብርቱካኑን ልጣ ሳትጨርስ ሥራው አለቀ።

«ሁሉንም አየሽው?» አልኳት።

«ለምን አየዋለሁ? ገባ እኮ!» አለችኝና አንድ ክፋይ ብርቱካን አስያዘችኝ።

ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ግን አልገባትም። የእኔ ሐሳብ ያን ጊዜ በከተማችን ገበያ በአራዳ፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ በስተጀርባ ወደነበረችው ጠባብ ክፍል ሄዶ ነበር።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ጀማል በዚያች ክፍል ውስጥ የቪዲዮ ሥራ የጀመርነው በወጣትነታችን ነው። እሱ ሠርግ እየዞረ ይቀርጻል፤ እኔ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አስገባለሁ። ክፍሏ ያልተፈታ አቡጀዲና የጋቢ ክር ትሸታለች። እስከ ዛሬ አዲስ ጨርቅ ሲሸተኝ አብሮ የሙሽራ መኪና ጡሩምባ የሚሰማኝ ለዚህ ይመስለኛል።

በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ ስለ ኤችዲ ማውራት ጀምሮ ነበር። ጥራቱ ሌላ ነው፣ የሰው ቅንድብ ይቆጠርበታል ይባላል። እኛ ግን እንዲህ ያለ ካሜራ አልነበረንም። ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ሲጧጧፍ ጀማል አንዱን ከባሕር ዳር ጓደኛው ተውሶ መጣና ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ ወደተጠራንበት ሠርግ ይዞት ሄደ። ሠርጉንም መልሱንም ቀርጾ ሲመለስ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ፣ ባንድ ሳምንት ያረጀ መስሎ ነበር። አፉ ግን ስለ ድግሱ ማውራት አላቆመም። ለእስላም እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ የቀረበለትን ጥብስ ሲያወራ እናቴ እንኳ ቅር ብሏት ነበር።

«ችግሩ፣» አለኝ ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ፣ «ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ባለቤቱ እሁድ ሠርግ አለው። ካሴቶቹን ደግሞ ከዚህ ካሜራ በቀር የሚያነብልን የለም።»

ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያው ዓርብ ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት ነበረበት። ጀማል ወደ ጁምዓ ሄደ፤ እኔ ከካሜራው ጋር ቀረሁ።

ኬብሉን ሰካሁት። ኮምፒዩተሩ ካሜራውን ጭራሽ አላወቀውም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ከብዙ ልፋት በኋላ ካሜራው በድሮው ጥራት እንዲልክ ተደርጎ መስተካከሉን ደረስኩበትና ቀየርኩት። ኮምፒዩተሩ አወቀውና ደግሞ ቦታ የለኝም አለ። የቆዩ ሠርጎችን ወደ ሲዲ ገልብጬ አጠፋሁና ቦታ አገኘሁ። በመጨረሻ ካሴቱን ሳንቀሳቅሰው ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሳይ ብቻዬን እልል ማለት ቃጣኝ። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ክሩ ይለያል። ከቤቱ ጀርባ ያለው የጤፍ ክምር ላይ ያረፈችው ወፍ ሳትቀር ትታያለች።

የያኔው ካሴት እንደዛሬው ፍጥነት አያውቅም። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ለመግባት አንድ ሰዓት ይወስዳል። ካሴቱ ይዞራል፣ ኮምፒዩተሩ ይቀዳል፣ እኔ ተቀምጬ ሠርጉን እንደ ዕድምተኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ።

ሥራው እንደተጀመረ በሩን ተደግፈው የቆሙ ሰው አየሁ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ፣ ረጅም፣ ጺማቸው ገና መሸበት የጀመረ። ዓይናቸው እኔን አላየም፤ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል።

«ይቺ አስናቁ አይደለችም?» አሉ። «ይቺማ ልጄ ናት!»

ባለ ሠርጉ ነበሩ፤ አያ ታፈረ። ከትክል ድንጋይ የመጡት ለዚሁ ነው። ብድግ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ዱላቸውን በጨርቅ ጣቃዎቹ መሐል አቁመው ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ቆርጠው ያወጣሉ አሉኝ። እውነት ነው? ሰው ትቆርጣላችሁ?»

«የማያስፈልገውን ብቻ ነው፣ አያ ታፈረ። የተንቀጠቀጠውን፣ የጨለመውን፣ ከሩቅ ያለውን...»

«ተይ! የሩቁን እንዳትነኪው!» አሉኝ ደንገጥ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጡበትን ነገሩኝ።

ጓንጉል የሚባል ታላቅ ወንድም አላቸው። አባታቸው ካረፉ በኋላ በድንበር ላይ ባለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ ሲገናኙ አንዱ ወደ ማሳ ይወርዳል። ለሠርጉም ጥሪ አልላኩላቸውም። ድግሱ ካለፈ በኋላ ግን ጎረቤቱ ማማት ጀመረ። አንዱ ጓንጉል መጥቶ ነበር ይላል፤ ሌላው ኧረ አልመጣም፣ ሊያስታርቁህ ብለው ነው ይላል።

«እርስዎ አላዩም?» አልኳቸው።

«ባለ ድግስ ምን ያያል፣ ልጄ? እኔ በር ላይ እንግዳ ስቀበል፣ ሥጋ ቤት ስሮጥ፣ ጠላ አለቀ ሲሉኝ ስበር ነው የዋልሁት። የልጄን ጭፈራ እንኳ አላየሁም።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መጥቶ ከሆነ ሳላበላው የሸኘሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዛሬውኑ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። አልመጣ ከሆነ ግን ደጁ ቆሜ ፊቱን ቢያዞርብኝስ? ያንን አልችለውም። በዓይኔ ልየው።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ማየት ጀመርን። አያ ታፈረ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ፊት ይመረምሩ ነበር። ትንሽ ቆይተው የመጡበትን የረሱ መሰሉ። የራሳቸውን ቤት ደጅ፣ የተጣለውን ዳስ፣ ሚዜዎቹ ሲገቡ የተወረወረላቸውን ግጥም ሲያዩ ይስቃሉ፣ ጉልበታቸውን ይመታሉ። «ምነው ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበረ? እንዴት ያለ ሸጋ ድግስ ነው የደገስሁት!» ይላሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ እሳቸውን አያለሁ።

ሙሽራው ከዳሱ እንደገባ መብራት ሄደ።

ኮምፒዩተሩ ጭልም አለ። ካሜራው ግን በባትሪው ይሠራ ስለነበር ካሴቱ መዞሩን ቀጥሏል፤ ጎኑ ላይ ባለችው የክብሪት ቀፎ በምታክል መስኮት ውስጥ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አያ ታፈረ ጎንበስ ብለው አፈጠጡባት፤ አንዱም ሰው አይለይም። ባትሪው እንዳያልቅ አጠፋሁት። እንባዬ መጣ። የተቀዳውም እንደማይድን፣ መብራቱ ቢመጣም ካሴቱን ከመጀመሪያው ማስገባት እንዳለብኝ እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«እንደገና?» አሉኝ።

«እንደገና፣ አያ ታፈረ።»

ፊታቸው በራ። «እሰይ! አስናቁን ሁለቴ ልድራት ነዋ!»

መብራቱን ስንጠብቅ እናቴ ምሳ ላከችልን። አያ ታፈረ ግን ዕለቱ የጾም ቀን፣ ዓርብ ነውና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀምስም ብለው እስኪደርስ ስለ ገብስና ስለ ባቄላ አወሩልኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ በርበሬው የነደደ ሽሮ በትኩስ ዳቦ በሉ፣ እላዩ ላይ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ጠጡ። ነፋሱ የሱቁን ቆርቆሮ ያንኳኳል። የጥር ፀሐይ ወደ በሩ ዘንበል ስትል መንደሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ አምፖላችንም በራ።

ሠርጉን እንደገና ጀመርን። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ግጥሙ ተወረወረ፣ አያ ታፈረ በዚያው ቦታ ሳቁ። ሙሽራው ዳስ ገባ። መብራቱ ቆየልን። ሁለተኛውን ካሴት አስገባሁ፤ ጭፈራ ነው። ጀማል ሴቶቹን እየቀረጸ ከኋላቸው የዳሱ ወለል እስከ ጥጉ ድረስ ይታያል። በድሮው ካሜራችን ቢሆን ያ ጥግ ጨለማ ብቻ ነበር።

አያ ታፈረ እጄን ያዙኝ።

«ያውና።»

ከማድ ቤቱ በኩል አንድ ሰው ገንቦ አዝለው ይገባሉ። ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ፊታቸው አይታይም።

«በምን አወቁ?»

«ግራ ትከሻው ዘንበል ማለቱን አየሽ? ልጅ ሆነን ሾላ ላይ ስንወጣ ወድቆ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚሄድ።»

ሰውዬው ገንቦውን አወረዱ፤ በየተራ ለእንግዶች ጠላ ይቀዱ ጀመር። ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብለው «ጠጡ እንጂ» ይላሉ፤ ባዶ መሶብ ያነሣሉ፤ ልክ እንደ ቤቱ ሰው። ከበሮው ጠበቅ ሲል ደግሞ ወደ ጥጉ ፈቀቅ አሉ። ግራና ቀኛቸውን አዩ። ማንም እንዳላያቸው ሲያረጋግጡ፣ ያ ዘንበል ያለው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋቢው ከራሳቸው ተንሸራተተ፤ ሽበታም፣ የሚስቅ ፊት ወጣ። ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል። ብቻቸውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለወንድማቸው ልጅ እስክስታ ወረዱ።

አያ ታፈረ እየሳቁ ነበር። እንባቸውም በጺማቸው ላይ ይወርዳል። «አያ ጓንጉል! አያ ጓንጉል! በእኔ ድግስ ላይ አሳላፊ ሆነህ!»

ልክ በዚያ ሰዓት ጀማል ካሜራውን የሚወስድ ሹፌር ሊያነጋግር ከሄደበት መናኸሪያ ተመልሶ ገባ። ስክሪኑን አየና «እኚህን ሰውዬማ አውቃቸዋለሁ!» አለ። «ለእስላሞቹ የተሠራውን ጥብስ በእጃቸው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። አባባ እርስዎ የቤቱ ማን ነዎት ብላቸው፣ 'የባለ ሠርጉ ወንድም ነኝ፣ ብላ' አሉኝ።»

አያ ታፈረ ተነሡ። ጀማልን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት። «እንዲህ ነው ያለህ? የባለ ሠርጉ ወንድም ነኝ?»

«አዎ። እንዲያውም ደጋግመው ነው ያሉኝ።»

ካሴቶቹ ገብተው ያለቁት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አያ ታፈረ ከተማ ካለ ዘመዳቸው ዘንድ አደሩና በማለዳ፣ ካሜራው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ እሳቸው ወደ ትክል ድንጋይ ሄዱ። በኋላ እንደሰማነው ቤታቸው አልገቡም። ከመኪና ወርደው በቀጥታ ጓንጉል ደጅ ሄደው ሲቆሙ፣ ታላቅየው ሞፈር ሲጠርቡ አገኟቸው። ምን እንደተባባሉ የሚያውቀው የለም። ጎረቤት ያየው ሁለቱ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ገበታ ሲቀርብላቸው ነው።

ፊልሙ ተሠርቶ ሲያልቅ ሊወስዱት አብረው መጡ። ለአባቴ ማር ይዘውለት ነበር። በሩ ላይ «አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ደንበኛ መግቢያ አሳጡ። ፊልሙን ከፍቼላቸው ያ ጥግ ሲደርስ አያ ጓንጉል ራሳቸውን አይተው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

«ኧረ ልጄ፣ ይኸን አጥፊልኝ! ማን ይሆን ከዚያ ሆኖ ያየኝ?»

«እንዳትነኪው!» አሉ አያ ታፈረ። «ከድግሴ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው።»

ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ተሰብስበው ሳቁ። አባቴ፣ ከቪዲዮ ይልቅ ጨርቅ ብትሸጪ ይሻልሽ ነበር ይለኝ የነበረው አባቴ፣ እጁን በጨርቁ ጣቃ ላይ አሳርፎ ሲያይ ቆየና «እንደገና መልሺው እስቲ» አለኝ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ፈጣን ሆኗል፤ አልከፋም። ድካሙን ማንም መልሶ አይመኘውም። ብቻ ያኔ ተገድደን ሙሉውን እናይ ነበር፤ ዛሬ ማየት በፈቃድ ሆኗል። እኔ አሁንም ሠርግ ስሠራ ሙሽሮቹን በኋላ ነው የማያቸው። መጀመሪያ ዓይኔ ወደ ዳሱ ጥግ ይሄዳል፤ ሳይጠራ የመጣ፣ አንድ ነገር አንሥቶ የሚያግዝ፣ ማንም አላየኝም ብሎ ደስ የሚለው ሰው ይኖር እንደሆነ። ብዙ ጊዜ አለ። ሳገኘውም ቆርጬ አላወጣውም።