ፀሐይ የራቀው መንኮራኩር

በረሃቡ ዘመን ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች መጠለያ ስንኖር፣ ከጎረቤቴ ጋር የምንጋራት አንዲት ሬዲዮ ነበረችን። ከሰዓት በኋላ በየመጠለያው ያሉ፣ ዘመድ የሚፈልጉ ሰዎች ስም ይነበብባታል። ወንድሜ መንገድ ላይ ጠፍቶብኝ ስለነበር፣ ያ ሰዓት እስኪደርስ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። የባትሪ ድንጋዮቿ ሲደክሙ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን፤ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራሉ።

አንድ ቀን ሬዲዮዋ ስለ አንድ መንኮራኩር አወራች። ከፀሐይ እጅግ ርቆ ብርሃኗ ስለማይበቃው ኒውክሌር የሚሉትን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ያም ነገር ሳይነድ ለዓመታት ይግላል፤ ሙቀቱም ኤሌክትሪክ ይሆናል አለች። ፊደልን ያለ አስተማሪ የለቀምሁ ሴት ነኝና ይኸም ገባኝ አልሁ። ለካስ ቁም ነገሩ ሙቀቱ ነው!

በማግስቱ ድንጋዮቹን ከከሰሉ ምድጃ ጠርዝ ደረደርኋቸው።

«ኧረ አንቺ፣ ይፈነዳሉ!» አለች ጎረቤቴ።

«እታለም፣ የሰማዩስ በሙቀት አይደል የሚሠራ?»

«እንግዲያ እዚያው ወጥተሽ አዳምጪያ!»

ወዲያው ድንጋዮቹ ጥቁር ዝቃጭ አንጠባጠቡ፤ መልሼ ብከታቸውም ሬዲዮዋ ጭጭ አለች። የስሞቹ ሰዓት ደርሶ ነበርና እየሮጥሁ ሬዲዮ ካላት ሻይ ሻጭ ዘንድ ሄድሁ። ንባቡ ተጋምሷል።

«ያለፉት እነማን ናቸው?» ብላት፣

«እኔ ሻይ ስቀዳ መች ሰማሁ፣ እኅቴ!» አለችኝ።

እስከ መጨረሻው ብቆምም የወንድሜን ስም አልሰማሁም። ሳልደርስ ተነቦ እንደሆነስ? እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ኡም ጋርጉር ወደሚባል ሌላ መጠለያ በሚሄድ ሎሪ ተሳፈርሁ፤ ራሴው ስሙን እየጠራሁ ልፈልገው።