ከሰናይት እጅ የነጠቅኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን እናገራለሁ፣ ሰው ማማቴን እናገራለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ዝም እላለሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው ከራቤል ከተማ ወዲያ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ሰናይት ወደ እኔ የመጣችው ኮሌጅ ልትጨርስ ስትል፣ ለተግባር ልምምድ ነበር። አባቷ የአክስቴ ልጅ ናቸው። ከጓሳ ደጋ ማዶ በበቅሎ አምጥተዋት፣ የሱፍ ባናቸውን እንደደረቡ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «አንቺው ዘንድ ትሁን። አደራሽን፣ እንዳትጎዳብኝ» አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ። የተቀበልኩት ግን እንደ ዘመድ እንጂ እንደ አስተማሪ አልነበረም።

እኔ ቤት አደረች፣ ከእኔ ማዕድ በላች። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ብርዱን ፈርቼላት አልቀሰቅሳትም ነበር። ቀን ሲመጣም እኔ አዋልጄ፣ እኔው ደሙን ጠርጌ፣ እሷን ካርድ ፈልጊ ብዬ እልካታለሁ። የሰው ልጅ አንከራተተች እንዳልባል። ማን ይለኝ ነበር? ማንም። ልጅቷ የመጣችው እኮ ልትንከራተት ነበር።

አንድ ቀን ሕፃን ሳይተነፍስ ተወለደ። እንዲህ ሲሆን አፍና አፍንጫው ላይ ጭንብል እንገጥምና ከጭንብሉ ጋር ያለውን ፊኛ እየጨመቅን አየር እንሰጠዋለን። ሰናይት ጭንብሉን አንስታ «እትዬ፣ እኔ ልያዘው?» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። እጇን ይዤ ማሳየት እችል ነበር፤ ነጠቅኳት። ሕፃኑ አለቀሰ፣ እኔም ሥራዬን የሠራሁ መሰለኝ።

ልምምዷ ሲያልቅ ኃላፊያችን «ትችላለች?» ብለው ጠየቁኝ። «እንዴታ፣ ትችላለች» አልኩ። ምን ነክታ ነው የምትችለው? እንግዳዬን አላሳፍርም ብዬ ነው ያልኩት። በእኔ ቃል ተመርቃ እዚያው ተቀጠረች።

እኔ ለተዝካር አገር ቤት በሄድኩበት ቀን አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መጣች። ሰናይት ብቻዋን ነበረች። ልጁ ሳይተነፍስ ተወለደ። ጭንብሉን ገጠመችው፤ አየሩ ግን በጎን እየወጣ እምቢ አላት። እጇ ከዚያ በፊት ገጥሞት አያውቅም። ልጁ ሞተ። ሲነግሩኝ አላለቀስኩም፤ የሰው ወሬ የሰማሁ ያህል ነበር።

ኃላፊው ሁለታችንን አስቀምጠው ይህን አላስተማርሻትም ወይ አሉኝ። «አስተምሬያት ነበር፤ ልብ ብላ አልያዘችው ይሆናል» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ቤቴ የበላች ልጅ እኔ ላይ አፏን እንደማትከፍት አውቅ ነበር፤ ያንን ተማምኜ ነው የዋሸሁት። ሰናይት አየችኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየች «አዎ፣ አስተምረውኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

ሥራውን ተወችው። አሁን ዓለም ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች። አንዴ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አስቀመጠችኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራች ጠየቀችኝ። የሄድኩበትን ሳልናገር ተመለስኩ። በአውቶቡሱ ውስጥ ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

አባቷ ዛሬም ሲያገኙኝ «አንቺስ እንደ እናት ይዘሽልኝ ነበር፤ እሷ ናት ያልሆነላት» ይሉኛል። እኔም ምስጋናቸውን እቀበላለሁ። ልጇ የሞተባት እናትም ልጄን የገደለችብኝ ያቺ ልጅ ናት ትላለች፤ እሷንም አላረምኳትም።

አዝኜላት ነው ሥራ ያላስነካኋት ማለት እችላለሁ። አልልም። ስታዝኚላት ኖረሽ ስትጠየቂ ካድሻት ብትሉኝ ልክ ናችሁ። ለእናንተ መንገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ሰናይትን ነው፤ እሷን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።