ያልተፈታው ብሎን

አጎቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ቶርኖ ቤታቸው ብየዳ አያስነኩንም ነበር። «በብሎን እሰሩት፤ ነገ ሌላ ሥራ ይመጣል» ይሉናል። ጠዋት የወፍጮ ዘንግ የቀረጹባትን ማሽን ከሰዓት ፈታትተው መብሻ ያደርጓታል። እግሯም እንደ ሠሪው ቁመት ከፍና ዝቅ ይላል።

ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ማሽኗ በእሱ ቁመት እንደታሰረች ቀረች። አጎቴ አጭር ነበሩ። «ዝቅ ላድርግልዎ?» ብላቸው፣ «ተዪ! ሲመለስ አጎንብሶ ሊሠራ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ድንጋይ አምጥተው እላዩ ላይ ቆመው ይሠሩ ጀመር። የልጁ መርዶ ከመጣ በኋላም ከድንጋዩ አልወረዱም።

ትናንት ከቀብራቸው በኋላ፣ ማሽኗን በእኔ ቁመት ላስራት መፍቻ ይዤ ገባሁ። ድንጋዩ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ ዝገት በይዶታል።