የለይኩን ሞንታርቦ እና የኮኪት ኾር

መምህሩ ለይኩን ጠመኔውን ጥሎ ወረዳ ቢሮ የገባው በድምፁ ነው። በቆላዋ ኮኪት ከተማ ሲያስተምር ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ጉሮሮው ለአደጋ ማስታወቂያ ተፈለገና፣ መኪና አናት ላይ ሞንታርቦ ተጭኖለት በየእርሻው መዞር ሥራው ሆነ። ይወደው ነበር። እንዲያነበው የሚሰጡት ወረቀት ግን ከዓመት ዓመት እያበጠ ሄደ። መጀመሪያ «ከባድ ዝናብ» የነበረው «አስከፊ ጎርፍ» ሆነ፤ ከሚሌኒየሙ ወዲህ ደግሞ «ታይቶ የማይታወቅ የአየር ንብረት ለውጥ መዓት» ካልተባለ ማስታወቂያ አልመስል አለ። ንፋስ ቆርቆሮ ቢያነሣ መዓት፣ ዝናብ ሳምንት ቢቆይ መዓት።

ለይኩን አየሩ እንደተለወጠ አይጠራጠርም፤ ሙቀቱን በገዛ ቆዳው ያውቀዋል። የሚጠራጠረው ቃሉን ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ለኃላፊው በትሕትና ቢያነሣ፣ ካላስፈራሩት ሰው አይሰማም ተባለና ተመለሰ። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ ሰዉ ጭራሽ መስማቱን ተወው። መኪናዋ ብቅ ስትል «ምጽአት መጣ» እያለ ይስቅ ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል።

በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጋው በኩል ለቢሮው ስልክ ተደወለ። እላይ ዝናቡን ሲያወርደው ውሏል፤ ውሃው ሳይመሽ ኮኪት አጠገብ ያለው ኾር ይደርሳል። ኾር ቆለኞች የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሩቅ ዝናብ ሲልክበት የሚሞላውን የአሸዋ ቦይ ነው። ነዋሪው ያውቀዋል። በዚያው ሳምንት ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረዱት የቀን ሠራተኞች ግን አያውቁትም፤ የዋልካው ጭቃ አላራምድ ሲላቸው ንጹሕ አሸዋ አገኘን ብለው ጓዛቸውን እዚያው ዘርግተዋል። ለይኩን ትናንት ሲያልፍ አይቷቸዋል። ወደ መኪናዋ ሮጠ።

ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሾፌሩ ሐሚድ መኪናዋን ኾሩ አፋፍ ላይ አቆመ። ለይኩን ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ፤ ሌላ ነገር መናገር አልለመደም። መዓቱም፣ ታይቶ የማይታወቀውም ሁሉ በሞንታርቦው ወጣ። እታች ያሉት ሰዎች ቀና ብለው አዩትና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዱ እንዲያውም ግንድ ተንተርሶ ተመልሶ ተኛ። ለይኩን ደገመው፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ቃሉ ባዶ ሆነበት። እነዚህ ሰዎች ዓይኑ እያየ ሊያልቁ ነው፤ የሚያስጨርሳቸውም የእሱ አፍ ነው።

ማይኩን ጣለና ወረደ። የአረም ሠራተኛ ቡድን አዋጥቶ የሚበላው አንድ ጆንያ ዱቄት አለው፤ ከዚያ የሚበልጥበት ነገር የለም። ለይኩን ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጆንያ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ተያያዘው። ሌባ፣ ሌባ እያለ ቡድኑ በሙሉ ዱላ ይዞ ተከትሎት ወጣ፤ የተኛውም ሳይቀር። ቸሩ የሚባለው አለቃቸው አፋፉ ላይ ደርሶበት ኮሌታውን አነቀና አንድ ሁለት ጥፊ አቀመሰው። ጆንያው ተቀዶ ግማሹ ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ።

ለይኩን አፉ እየደማ ዓይኑን ከኾሩ አልነቀለም። ውሃው ባይመጣስ? ያን ጊዜ ሌባም ውሸታምም ሆኖ መቅረቱ ነው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎርፍ ተመኘ፤ በምኞቱም አፈረ።

መጣ። መዓት አልነበረም። ጭራሮና ቅጠል የሚገፋ ድፍርስ ውሃ ነበር። ምድጃውን አጠፋ፣ የተነጠፈውን ማዳበሪያ አነሣ፣ ወዲያው ወገብ የሚደርስ ሆነና ሰውዬው ተንተርሶት የነበረውን ግንድ ይዞት ሄደ።

ቸሩ ኮሌታውን ለቀቀ። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ለይኩን አዎን፣ በየክረምቱ ነው አለ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?»

«ነገርኋችሁ እኮ።»

«አንተማ የነገርኸን ዓለም ሊጠፋ ነው ብለህ ነው» አለ ቸሩ። «ዓለም ሲጠፋ ወዴት ይኬዳል? ውሃ ይመጣል ብትለን እንወጣ ነበር።»

ለይኩን ደሙን በእጅጌው ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ። ኾሩን ተከትሎ ወደ ታች ገና ሌሎች የሠራተኛ ሰፈሮች አሉ፤ ውሃውም ወደዚያው እየሄደ ነው። ሐሚድ በፍጥነት ነዳ። ለይኩን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ማይኩን አነሣ። «ከኾሩ ውጡ፤ ውሃ እየመጣ ነው» ብሎ ለራሱ ሞከረው። አጭር ሆነበት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ተናግሮ ስለማያውቅ፣ በእሱ ድምፅ ሲባል የሚያምነው ሰው መኖር አለመኖሩን አላወቀም።