ሀሊሞ ዳገቱን የመራችበት ቀን

ጉሙ ከሪራ መንደር የቀርከሃ ጫካ አልነሳ ብሎ እንደተኛ፣ ከሞያሌ ተነስተው ወደ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር ለዚያራ የሚሄዱት ተጓዦች ጫፉ ባላ የሆነውን ዘንጋቸውን ጨብጠው ዳገቱን ጀመሩ። ከፊታቸው ሳነቴ ነው፤ ሰው ከደመና በላይ የሚራመድበት አምባ። ሀሊሞ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ እግሯ በክፍት ጫማ፣ ትከሻዋ በስስ ሻሽ።

ሀሊሞ ሄሉ በሚባለው የሞያሌ ሰፈር ውስጥ ሚቱምባ ትሸጣለች፤ ከባሕር ማዶ በቦንዳ የሚመጣ ልባሽ ልብስ። ከየቦንዳው አንድ ሁለት ወፍራም ካፖርት አይጠፋም። እሷም “ይህን ሞያሌ ላይ የትኛው እብድ ይለብሰዋል” እያለች ከሱቋ ጥግ ስትወረውረው ኖራለች። ለጉዞ ስትነሳም እዚያው ጥላው መጣች። ይህን የሰማው አብሯቸው የሚጓዘው የከብት ደላላ ጅሎ ነው።

“ማማ ሀሊሞ፣ የሱቅሽ አይጦች ካፖርት ለብሰው ተኝተዋል፤ አንቺ እዚህ ትንቀጠቀጫለሽ” አላትና መንገደኛውን ሁሉ አሳቀባት። የራሱን ጃኬት አውልቆ ያለበሳትም ግን እሱው ነበር።

ብርዱን ቻለችው። ጉልበቷ ነው ያስቸገራት። ያን ዳገት ደግሞ በእግሯ መውጣት አለባት፤ ስለቷ ነዋ። ልጇ ኑርሀን ምጥ ላይ ሳለች ደሟ አልቆም ብሎ፣ ነርሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ፣ ሀሊሞ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ተደግፋ ልጄን አትርፍልኝ እንጂ፣ ያ ረቢ፣ የሼክ ሁሴንን መንገድ ተራራ በእግሬ እሻገረዋለሁ ብላ ነበር። ልጇም ተረፈች። ሕፃኗን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ቁጭ ስትል ያየቻት ቀን ሀሊሞ መሳቁና ማልቀሱ ተደባለቀባት። ሜዳውን ሁሉ በጭነት መኪና መጥተዋል፤ ያ አይከለከልም። ተራራው ግን የእግር ነው።

ጅሎ ከፊት ሆኖ ዝማሬውን ይመራል። በነዚህ ተጓዦች ዘንድ ግጥሙን የሚያወጣው ሰው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ተቀባዩ ሁሉ በዜማው ልክ ይረግጣል፤ ማንም እሱን አይቀድምም። ጅሎ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ግጥሙም እንደ እግሩ ይሮጣል። ሀሊሞ ሁለት መታጠፊያ ያህል ተከተለችው፤ ከዚያ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየሳሳ፣ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣ ሹክሹክታ ሆነ። ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ ሲል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ወደ ጎባ የሚወጣ አንድ አይሱዙ አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፈተላት፤ ለዘያሪ ሒሳብ የለም፣ ግቢ አላት። የተጓዦቹ መሪ አባ ሁቃም ከኋላ መቅረቷን አይተው ተመልሰው ነበርና፣ አምላክ ከአቅም በላይ እንደማይጠይቅ፣ ስለቷም ከልብ ከሆነ እንደሚያዝላት፣ አምባው ላይ ሳይመሽ ማለፍ እንዳለባቸው በለሆሳስ አስረዷት። ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃታል። ሀሊሞ ተነስታ እጇን ከበሩ ላይ አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ እጇን መለሰች።

“ቅጣት ፈርቼ አይደለም፣ አባ” አለች። “ምስጋናዬን መኪና እንዲሸከምልኝ አልፈልግም። እናንተ ሂዱ፤ እኔ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን እደርሳለሁ።”

ሽማግሌው ሾፌሩን መርቀው አሰናበቱ። ከዚያ ወደ ላይ ድምፃቸውን ለቀቁና ጅሎን ከነተጓዡ አስመለሱት። ሰው ሁሉ ከብቦ ሲቆም ሀሊሞን በዘንጋቸው እያመለከቱ፦

“ዛሬ የምትመሪው አንቺ ነሽ” አሏት።

ደነገጠች። ዝማሬው በኦሮምኛ ነው፤ እሷም ኦሮምኛ መስማትና መነጋገር ትችላለች፤ ግጥም ግን የሚመጣላት በአማርኛ ነው። አባቷ ከወሎ የመጣ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲፈርስ ቤተሰቡን ይዞ ድንበር ተሻገረ፤ ዋልዳ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ ማታ ማታ መንዙማ ያንጎራጉርላቸው ነበር። ያ ዜማ በደረቷ ቀርቷል፤ በሰው ፊት ግን አውጥታው አታውቅም። አማርኛ ነው የማውቀው፣ ማን ይቀበለኛል ስትላቸው፣

“መቀበሉ የእኛ ጣጣ ነው፤ አንቺ አውጪ” አሉ አባ ሁቃ።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ዘንጓን መሬት ላይ ተከለች፤ የደህናውን እግሯን አስቀደመች።

*ወጣሁት ዳገቱን እያልኩ አልሐምዱ፣*
*ልጇን ታቅፋ ሳያት ተቃና መንገዱ።*

“ያ ረቢ ኑ ገርጋሪ” ብለው ተቀበሏት፤ ጌታ ሆይ እርዳን ማለታቸው ነው። አንድ ስንኝ፣ አንድ እርምጃ፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ዜማውን ትስበዋለች፣ እግርም ሁሉ አብሮ ይጠብቃል። ግጥም አውጪዋ ፊት ናትና ኋላ የቀረ የለም። ሲያልቅባት ሌላ መጣላት፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።

*ቆላ ያደገ እግር ብርድ ምን ለመደ፣*
*በሰጪው ተይዞ ስንቱን ተራመደ።*

“ማማ ሀሊሞ” አለ ጅሎ ከኋላዋ፣ “በዚህ አካሄድ ስንመለስ የኑርሀን ልጅ አግብታ እናገኛታለን።”

“አንተ ምን ቸኮልክ፣ ደላላ? የጥሎሹ ድለላ እንዳያመልጥህ ነው?” አለች ዞር ሳትል። ሳቁ ሊያፈርሰው ደርሶ የነበረው ዜማ መልሶ ገጠመ።

ቀትር አለፈ። ቀርከሃው አለቀ፤ ቁጥቋጦው እያጠረ ሄደ፤ ነፋሱም ፊት ለፊት መጣ። ድንገት እግሯ ከፍ ብሎ የሚረግጠው ዳገት አጣ። ጉሙ ውስጥ የጅብራ ተክሎች ረዝመው ቆመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ፣ ሜዳ ብቻ።

አባ ሁቃ ሳነቴ መሆኑን ነገሯት። ሀሊሞ መስገድ ፈለገች፤ ጉልበቷ አልታጠፍ አላት። ሁለት ጊዜ ሞክራ ቀረች። ጅሎ በአንድ በኩል፣ አንዲት ተጓዥ በሌላ በኩል ብብቷን ይዘው ቀስ አድርገው ወደ መሬት አወረዷት። ተራራውን ስትወጣ ማንንም ያልተደገፈችው ሴትዮ አሁን እንደ ሕፃን ተለቀቀችላቸው። ግንባሯ እርጥቡን ሣር ነካ። ስንት ነገር ልትል አስባ ነበር፤ መንዙማው፣ ስንኙ፣ ምርቃቱ ሁሉ ጠፋባት። ኑርሀን፣ ኑርሀን ብቻ አለች። ቆየች። የያዟትም ሳይለቁ፣ ሳይቸኩሉ አብረዋት አጎነበሱ።

“በሉ አንሱኝ እንግዲህ” አለች በመጨረሻ፤ “ውርጩ ሊጨርሰኝ ነው።”