የእትዬ ቋቋ ፈቃድ እድሳት

የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋን የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ቋቋ» ይሏቸዋል፤ በር ሲያንኳኩ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚወጣ ነው። ወላጅ አጥቶ ዘመድ ጋ የተጠጋ ልጅ በልቶ ማደሩን፣ ትምህርት ቤት መዋሉን፣ አለመደብደቡን ቤት ለቤት እየዞሩ ያያሉ። ማታ ያበጠ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ጠዋት ደግሞ ያው ዙረት ነው።

በዚህ ዕድሜያቸው አዲስ ደንብ መጣ። ሥልጠና ወስዶ፣ የተግባር ፈተና አልፎ የሙያ ፈቃዱን ያላሳደሰ ሠራተኛ የሰው ደጅ እንዳይረግጥ ተባለ። የወደቀ ወደ መዝገብ ቤት ሥራ ይዛወራል፣ ልጆቹም ለሌላ ሠራተኛ ይከፋፈላሉ። እትዬ ቋቋ ደማቸው ፈላ።

«እኔን ነው በር ማንኳኳት የሚያስተምሩኝ?»

«ቀስ ብለሽ ማንኳኳት ካስተማሩሽማ እኔው እከፍልላቸዋለሁ» አሉ ባለቤታቸው፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

አሠልጣኟ የልጃቸው እኩያ ናት፤ አነጋገሯ ለስላሳ፣ በያዘችው ነገር ግን ፍንክች የማትል። አንድ ነገር ደጋግማ ትላለች፦ በየጉብኝቱ ልጁን ከአሳዳጊው ነጥላችሁ ለብቻው አነጋግሩት። እትዬ ቋቋ ይህን አንድም ቀን አድርገውት አያውቁም። ረስተው እንዳይመስላችሁ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ሰው ቤት ገብተህ፣ ወንበር ተስቦልህ፣ ሻይ ቀርቦልህ፣ «እስቲ ልጁን ይዤ ልውጣ» ማለት የቤቱን እመቤት ሌባ ከማለት በምን ይለያል? ፈተናው ላይም አሳዳጊ ሆና በምትተውነው ሴት ፊት፣ ልጅ ሆኖ የሚተውነውን «ደህና ነህ አይደል የኔ ጌታ?» ብለው ጠየቁና ወደቁ።

አንድ ዕድል ቀራቸው፤ አሠልጣኟ ባለችበት እውነተኛ ጉብኝት ማድረግ።

«የፈለጉትን ቤት ይምረጡ» አለቻቸው።

ከሁሉ የሚኮሩበትን መረጡ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ፏ ያለ፣ የልጅቷ ደብተሮች በሙሉ የተለበጡ፣ አክስትየዋ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ጨዋ ሴት። እንዲህ ያለ ቤት ማን ይወድቃል?

ሻዩ ተጠጣ። እትዬ ቋቋ አላባቸው።

«እ... ልጅቷን እዚህ ውጭ ደረጃው ላይ ትንሽ ባነጋግራትስ?»

የአክስትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «ምነው እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ዛሬ ገና ነው የማያምኑኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «ደንብ ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ» ብለው ልጅቷን ይዘው ወጡ። አሠልጣኟም ተከትላ ከበላያቸው ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ የኔ እመቤት፣ ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ፣ እንዴት እንዳደርሽ ንገሪኝ» አሉ፣ ልክ እንደተማሩት።

ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ተናገረች፣ እራቱን ተናገረች፣ የቤት ሥራውን ተናገረች። «ከዚያ አክስቴ ከውጭ ቆልፋብኝ ሥራ ሄደች።»

«ማታ?»

«ሁልጊዜ የሌሊት ተረኛ ናት እኮ። ጠዋት መጥታ ትከፍትልኛለች።»

«ትፈሪያለሽ?»

«መብራት ሲጠፋ እጮሃለሁ። ማንም አይመጣም።»

እትዬ ቋቋ እሳት ቢነሳስ የሚለው ሐሳብ መጣባቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?»

«ደህና ነሽ አይደል ነዋ የሚሉኝ» አለች ልጅቷ። «እሱንም አክስቴን እያዩ።»

አሠልጣኟ ብዕሯን ከደነች። «አልፈዋል እትዬ» አለች፣ ዝግ ብላ።

እትዬ ቋቋ ተነስተው ገቡና አክስትየዋ ፊት ተቀመጡ። የሰሙትን ሲነግሯት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ምን ላድርግ? የቀን ሥራ ከየት ላምጣ? ብናገር ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው የደበቅኩት!» ከዚያ ቀና አለች። «ልትወስዷት ነው?»

እትዬ ቋቋ አይዞሽ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ ሥራ ለስንት ሰው ያሉት ቃል ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚሉት ነገሩን ለመሸፋፈን ነበር።

«ገና አላውቅም» አሉ።